የቅለት ዋጋ

ስለ አንድ ሰው ድንኳን የተደረገ ምልልስ

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። አጎት መንዝ ተወልደው በእረኝነት ያደጉ፣ በኋላም ተራራ ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ እየጫኑ ሲያጅቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ይኖራሉ። የእህታቸው ልጅ ኑሮዋ ኤዲንብራ ነው፤ ዕረፍት ባገኘች ቁጥር የስኮትላንድን ተራሮች በእግሯ ትዞራለች። ለጥየቃ መጥታ፣ አገሩ ሰላም ሲሆን ወደ መንዙ የጓሳ ሜዳ ይዛው ልትወጣ ያሰበችውን ድንኳን በአጎቷ ግቢ ሣር ላይ ዘርግታለች።

አጎት፦ ይሄ ነው ድንኳን ያልሽኝ? ከቦርሳሽ ስታወጪው ጃንጥላ መስሎኝ ነበር እኮ።

ልጅት፦ ድንኳን ነው ጋሼ። ከነካስማው፣ ከነገመዱ 950 ግራም ነው። ኪሎ አይሞላም።

አጎት፦ ስንት ሰው ያስተኛል?

ልጅት፦ አንድ።

አጎት፦ አንድ ብቻ! የኛ እድር ድንኳን ሲወጣ ብረቱን ብቻ ጎረምሶች ተጋግዘው ነው የሚያነሱት። ድንኳን የሚተከለው ሰው ሲሰበሰብ ነው፤ ሰርግ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን። ቤት እያለ ብቻን ሜዳ ላይ ማደር ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሆንም?

ልጅት፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እረኛ ሳሉ በረዶ ሲጥል የት ይጠለሉ ነበር?

አጎት፦ የት እገባለሁ? ገሳዬን ደፍቼ ቁጢጥ ነዋ።

ልጅት፦ ገሳው ስንት ሰው ይይዛል?

አጎት፦ (እየሳቁ) አንድ። አገኘሽኝ።

ልጅት፦ እንግዲያው የአንድ ሰው መጠለያ ለእርስዎ እንግዳ ነገር አይደለም። የገሳውን ነገር ይንገሩኝ፤ እኔም የዚህን እነግርዎታለሁ።

አጎት፦ ገሳ ከጓሳ ሣር ይሠራል። ከአናቱ ላይ ይታሰርና ወደ ታች እየተደራረበ ይወርዳል። ውሃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ በጀርባሽ በኩል ይፈሳል። የቀረው የእረኛው ብልሃት ነው። ጀርባሽን ለነፋስ ትሰጫለሽ። ጎድጓዳ ቦታ አትቀመጪም፤ ጎርፍ ይመጣል። ጉብታ ጫፍ ላይም አትወጪም፤ መብረቅ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከብቱ የተጠጋበትን ማየት ነው፤ ነፋስ የማይደርስበትን ቦታ ከብት ከሰው ይበልጥ ያውቃል። ገሳው ግማሹን ይሠራል፤ ሌላውን ግማሽ የተቀመጥሽበት ቦታ ይሠራል።

ልጅት፦ ይሄን ንግግርዎን ድንኳን ሻጮች ሁሉ በሰሙት። እነሱ የሚያወሩት ስለ ግራም ብቻ ነው።

አጎት፦ ለመሆኑ ይሄ የግራም ቆጠራ ከየት መጣ? እኔ ያጀብኳቸው እንግዶች ሁሉ ድንኳናቸውን በቅሎ ላይ ጭነው ነው የሄዱት። ሦስት ኪሎ ይሁን አሥር፣ የሚጠይቅ አልነበረም።

ልጅት፦ ግራም ቆጠራው የመጣው ሰው ጓዙን ሁሉ ራሱ ከሚሸከምበት አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ አፓላቺያን ትሬል የሚባል፣ ከጆርጂያ እስከ ሜይን በተራራ ላይ የሚዘልቅ የእግር መንገድ አለ፤ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1955፣ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምነግርዎ፣ ኤማ ጌትውድ የሚባሉ የ67 ዓመት ሴት ብቻቸውን ከዳር እስከ ዳር ተጓዙት። የ11 ልጆች እናት ነበሩ፤ የልጅ ልጆችም አይተዋል። ድንኳን አልያዙም። የያዙት የሻወር ቤት መጋረጃ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ እሱን ይከናነባሉ። ሌላውን ዕቃ ራሳቸው በሰፉት ከረጢት ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እግራቸው ላይ ሸራ ጫማ።

አጎት፦ እማማ ገሳቸውን ይዘው ነዋ የወጡት!

ልጅት፦ ልክ ነዎት። ከዚያ በ1992 ሬይ ጃርዲን የሚባል የእግር ተጓዥ ስለ ሌላው ረጅም መንገድ፣ ስለ ፓሲፊክ ክረስት ትሬል፣ መጽሐፍ አወጣ። በዚያ ዘመን 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ተሸክሞ መሄድ የተለመደ ነበር። የእሱ ሐሳብ አንዱ ዕቃ ሲቀል ሌላውም ይቀላል የሚል ነው። ጭነቱ ካነሰ ቦርሳው ራሱ ቀላል ይሆናል፤ ቦርሳው ከቀለለ ከባድ ቡት አያስፈልግም፤ እግር ካልደከመ ብዙ ይኬዳል። ዛሬ ምግብ፣ ውሃና ነዳጅ ሳይቆጠር ጓዙ ከ4.5 ኪሎ በታች የሆነ ሰው ቀላል ተጓዥ ይባላል። ከዕቃ ሁሉ የሚከብዱት ደግሞ ሦስት ናቸው፦ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና ራሱ ቦርሳው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ድንኳኑን ነው።

አጎት፦ (ሸራውን በሁለት ጣታቸው እያሹ) ይሄ ግን ጨርቅ ነው? ጣቴ በዚያ በኩል ይታየኛል እኮ።

ልጅት፦ ናይለን ነው፤ በሁለቱም ፊት ሲሊከን ተቀብቷል። የክሩ ቅጥነት በዴኒየር ይለካል። ዘጠኝ ሺህ ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል እንደ ማለት ነው። የሴት ስቶኪንግም የሚለካው በዚሁ ነው። ይሄ 15 ዴኒየር ነው፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ክሩን ጠቅልለው ሚዛን ላይ ቢያወጡት 15 ግራም ይሆናል።

አጎት፦ ስቶኪንግ ተከናንቦ የመንዝን በረዶ መጠበቅ!

ልጅት፦ ይችለዋል ጋሼ። ውሃ መከላከሉ ደግሞ በሚሊ ሜትር ይነገራል። ጨርቁ ላይ ውሃ የያዘ ቱቦ ያቆሙበታል፤ ውሃው ከሥር መንጠብ እስኪጀምር የደረሰበት ከፍታ ቁጥሩ ነው። ይሄ 1,200 ነው። አንድ ሜትር ከሃያ የቆመ ውሃ ቻለ ማለት ነው። ለጣሪያ ይበቃል፤ ዝናቡ መታ አድርጎት ይወርዳልና። ወለሉ ግን ጉልበትና ክርን ስለሚጫነው ከዚያ ከፍ ያለ ቁጥር ይፈልጋል።

አጎት፦ በረዶውስ?

ልጅት፦ ሸራው ከተወጠረ በረዶው ይነጥራል፤ ከላላ ይጠራቀምበትና ይጫነዋል። የናይለን ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሲርስ ይለጠጣል። ማታ ወጥረውት የተኙት እኩለ ሌሊት ላይ ይረግባል፤ ተነስቶ ገመዱን መሳብ ግድ ነው። ፖሊስተር ይሄ ብዙም አያገኘውም፤ ፀሐይንም ከናይለን የተሻለ ይችላል። ደጋ ላይ ፀሐይ ጨርቅ ስለምትበላ፣ ቀን ቀን ድንኳን ተክሎ አለመተው ነው የሚሻለው። ከሁለቱም የሚቀለው ዳይኒማ የሚሉት ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለውድድር ጀልባ ሸራ ነው። ውሃ አይጠጣም፣ አይለጠጥም። ግን ሹል ነገርና ፍትጊያ አይወድም፤ ከእሱ የተሠራ ድንኳንም ብዙውን ጊዜ ከ500 ዶላር በላይ ነው።

አጎት፦ ስለዚህ ቅለትም በነፃ አይገኝም።

ልጅት፦ አይገኝም። ወይ በገንዘብ፣ ወይ በምቾት፣ ወይ በዕቃው ዕድሜ ይከፈላል።

አጎት፦ አራተኛውን ረሳሽው። በዕውቀትም ይከፈላል። ገሳ ዋጋ የለውም፤ ሣር ነው። የት እንደምትቀመጪ ካላወቅሽ ግን ያው ትበሰብሻለሽ።

ልጅት፦ እንትከለውና ይህንኑ ያያሉ። ምሰሶ የለውም።

አጎት፦ ያለ ምሰሶ ድንኳን?

ልጅት፦ ክብደቱ የቀነሰው በዚህ ነው። ተጓዡ ቀን ቀን የሚመረኮዘውን ዘንግ ማታ ምሰሶ ያደርገዋል። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ መሆን አለበት።

አጎት፦ እንግዲያው የኔ ዱላ ምን አነሰው?

(ዱላቸውን አምጥተው ሰጧት። ሲለካ ረዘመ። ልጅቱ አራቱን ማዕዘን በካስማ ከያዘች በኋላ የዱላውን እግር ወደ ጎን አዘንብላ ጫፉን በሸራው አናት ሥር ሰካችው፤ ሸራው ተነሣ፤ ገመዶቹን ስትስብ ደግሞ ተወጠረ።)

አጎት፦ ዱላ ያልያዘ የደጋ ሰው ስለማይገኝ ይሄ ለኛ የተሠራ ነው ማለት ነው!

ልጅት፦ ደካማ ጎኑም እዚያው ላይ ነው። የሚቆመው በካስማና በገመድ ብቻ ነው። አንድ የማዕዘን ካስማ ከተነቀለ ቤቱ ደረትዎ ላይ ይወድቃል። የራሳቸው የአልሙኒየም ዘንግ ያላቸው፣ ተጣጥፈው በቅስት የሚቆሙ አሉ። እነዚያ ድንጋይ ላይም ይቆማሉ፤ ክብደት ግን ይጨምራሉ። ብዙዎቹ ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ናቸው።

አጎት፦ (ካስማ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው) ይሄስ ስንት ነው?

ልጅት፦ ስድስት ግራም። ቲታኒየም ነው።

አጎት፦ ጓሳ ላይ አይሠራም። አፈሩን አይጥና ፍልፈል ሲቆፍረው ነው የሚኖረው። ከላይ ሣር ለብሶ ታዪዋለሽ፤ ከሥር ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር ሳያስቸግር ይገባል፣ ሳያስቸግርም ይወጣል። ነፋሱ ሌሊት ገደሉን ይዞ ሲወጣ ያኔ ምን ልትሆኚ ነው?

ልጅት፦ ለማዕዘኖቹ ወፈር ያለ፣ ሦስት ክንፍ ያለው የአልሙኒየም ካስማ እይዛለሁ። እያንዳንዱ የሚጨምረው ጥቂት ግራም ነው። እሱም ካልያዘ ገመዱን ድንጋይ ላይ አስራለሁ።

አጎት፦ እሺ። ድንጋዩን ግን ጠዋት ወደነበረበት መልሺ። እሱም ሥር የሚኖር ፍጡር አለ። በይ አሁን ልግባና ልየው።

(ጫማቸውን አውልቀው እየተጎነበሱ ገቡ። ሲጋደሙ የጋቢያቸው ጫፍ በአናት በኩል፣ ጣቶቻቸው በእግር በኩል ሸራውን ነኩት።)

አጎት፦ ይሄ ለአጭር ሰው ነው የተሠራው።

ልጅት፦ ገዢ ሁሉ የማያየው ነገር ይሄ ነው። «የአንድ ሰው» ተብሎ ይጻፍበታል፤ የትኛው ሰው እንደሆነ ግን አይጻፍም። ወለሉ ሁለት ሜትር ከሃያ ነው ቢሉም ግድግዳው ዘመም ስለሚል የሚያገለግለው ርዝመት ከዚያ ያነሰ ነው። ረጅም ሰው ከመግዛቱ በፊት ውስጡ መጋደም አለበት። የተነፈሱት ትንፋሽ ሌሊቱን ሸራው ላይ ውሃ ይሆናል፤ ከረጢትዎ ሸራውን ከነካ ያንን ውሃ ይጠጣል።

አጎት፦ አንድ ሰው ስንት ውሃ ይተነፍሳል?

ልጅት፦ ሌሊቱን ሙሉ ቢያንስ አንድ ብርጭቆ። በዚያ ላይ እርጥብ ልብስና ጫማ አለ። ሰማዩ የጠራ ሌሊት ደግሞ ሸራው ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃላ። ትንፋሹ እዚያ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ሲያርፍ ይንጠባጠባል። ብዙ ሰው ጠዋት ሲነሣ «ድንኳኑ አፈሰሰ» ይላል፤ ዝናብ ያልጣለበት ሌሊት ላይ እንኳ።

አጎት፦ ጓሳ ላይ እንግዶቹ ጠዋት ሸራውን ሲያራግፉ በረዶ ይረግፍ ነበር። ውርጭ ነው እል ነበር እኔ።

ልጅት፦ ከውጭ ያለው ውርጩ ነው፤ ከውስጥ ያለው የራሳቸው ትንፋሽ። ለዚህ ነው ባለ አንድ ግድግዳና ባለ ሁለት ግድግዳ የሚባለው ነገር የመጣው። ባለ አንዱ ይቀላል፤ ውሃው ግን በቀጥታ እርስዎ ላይ ነው የሚወርደው። ባለ ሁለቱ ከሸራው ሥር ሌላ ስስ የውስጥ ድንኳን አለው። የረጠበው ሸራ ከእርስዎ ይርቃል፤ የሚንጠባጠበውንም የውስጡ ይቀበለዋል። ይሄ ባለ ሁለት ነው።

አጎት፦ የውስጡ ግን አጎበር ነው። ለወባ ነው?

ልጅት፦ ለሚጅ ነው። በስኮትላንድ በጋ ሚጅ የምትባል ከዓይን የምታመልጥ ትንኝ አለች። በደመና ትመጣለች፤ ያለ መረብ መብላት እንኳ አይቻልም። እዚያ አጎበሩ ሕይወት ነው።

አጎት፦ ጓሳ ላይ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር በላይ ነሽ። ትንኝ ሳይሆን ብርድ ነው የሚነክስሽ። ነፋሱ በአጎበሩ ቀዳዳ ሁሉ አቧራና ቆፈን ይዞ ይገባል።

ልጅት፦ ትክክል ብለዋል። ለደጋችን የውስጡ ከጨርቅ የተሠራው ይሻላል። ጥቂት ግራም ይጨምራል፤ ነፋሱን ግን ይሰብራል። አየር ማውጫ ቀዳዳው ደግሞ ቢበርድም አይዘጋም፤ ከተዘጋ ውስጡ ይረጥባል። ሌላም ነገር ልንገርዎ። ብዙ ድንኳን የሚተከለው መጀመሪያ የውስጡ፣ ከዚያ የላዩ ነው። ዝናብ እየጣለ ከሆነ የላዩ እስኪደረብ የውስጡ ባሕር ይሆናል። ሂልበርግ የሚባል በ1971 የተቋቋመ የስዊድን ድርጅት ሁለቱን አያይዞ በአንድ ጊዜ እንዲቆሙ አደረገ። አክቶ የሚሉት የአንድ ሰው ድንኳናቸው 1.7 ኪሎ ገደማ ነው፤ ግራም ቆጣሪዎቹ ይስቁበታል። ነፋስ የበዛበት ተራራ ላይ የሚያድር ሰው ግን አይስቅም።

አጎት፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሰው ሲበርደው ከሰል ያስገባል።

ልጅት፦ በፍጹም! ከሰል ጢስ ሳያስነሳ ይገድላል፤ እንዲህ በጠበበ ቦታ ደግሞ ጊዜ አይወስድም። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ውጭ ነው የሚለኮሰው። የብርድ መድኃኒቱ ከሥር ነው። ሰውነትን ይበልጥ የሚያቀዘቅዘው መሬቱ ነውና ጥሩ ምንጣፍ ከወፍራም ጣሪያ ይበልጣል።

አጎት፦ እረኛም ሣር ሳይጎዘጉዝ አይቀመጥም። ሌላው፣ ወንዝ ዳር አትትከዪ። ውሃ መቅረቡ ደስ ይላል፤ ግን ቅዝቃዜ ማታ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፣ ውርጩም እዚያ ነው የሚተኛው። ትንሽ ከፍ በዪ፣ ጀርባውን ለነፋስ፣ ደጃፉን ለምሥራቅ አድርጊው፤ ጠዋት ፀሐይ ያደርቀዋል። ጫማሽንና ምግብሽን ደግሞ ደጃፍ ላይ አታሳድሪ። ጅብ ቆዳ ይወዳል።

ልጅት፦ አሁን ነገሩ ወደ ቦታው መጣ። እኔ እንኳ ልጠይቅዎ የፈለግኩት ይሄን ነበር። ስኮትላንድ በ2003 የወጣ፣ በ2005 ሥራ ላይ የዋለ የመሬት ሕግ አለ። መሬቱ የማንም ይሁን የማን፣ ሰው በኃላፊነት እስከሆነ ድረስ በእግሩ ገብቶ ድንኳን ተክሎ ማደር ይችላል። ከቤትና ከመንገድ ይርቃል፣ ሰብል አይረግጥም፣ በትንሽ ቡድን ይሆናል፣ አንድ ቦታ ላይ ከሁለትና ሦስት ሌሊት አያልፍም፣ ዱካ አይተውም።

አጎት፦ ባለቤቱ ሳይጠየቅ?

ልጅት፦ ሳይጠየቅ። ያበላሹም አሉ። ሎክ ሎመንድ በሚባለው ሐይቅ ዳር ቆሻሻ እየጣሉ፣ ዛፍ እየቆረጡ ስላስቸገሩ ከ2017 ጀምሮ አንዳንዱ ዳርቻ ላይ ከመጋቢት እስከ መስከረም ፈቃድ ግዴታ ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ያለ ባለቤት ፈቃድ ማደር የሚቻልበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዳርትሙር ይባላል። በ1985 የወጣው ሕግ ሕዝቡ በዚያ የጋራ ግጦሽ ላይ በእግርና በፈረስ ገብቶ በአየር ላይ እንዲዝናና ይፈቅዳል። የመሬት ባለቤቶች ከሰሱ። በጥር 2023 ፍርድ ቤት ማደር መዝናናት አይደለም ብሎ መብቱን አነሣ፤ በሐምሌ ይግባኝ ሰሚው መለሰው፤ በግንቦት 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው።

አጎት፦ የተኛ ሰው ይዝናናል ወይስ አይዝናናም ብለው ሦስት ችሎት ተሟገቱ?

ልጅት፦ ነገሩ እሱ ነው።

አጎት፦ እኛ ዘንድ ይሄን ያህል አያደክምም። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ መደብ ይነጠፍለታል። ባለቤቱ እያለ ሜዳ ላይ ማደር እንዲያውም ቤቱን መናቅ ነው የሚመስለው። አንቺ ገበሬው ሳያይሽ ብትተክዪ «ምን ሸሽታ ነው? ምን ልታደርግ ነው?» ይላል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ቢባልም እርሻው፣ ግጦሹ፣ መንገዱ ሁሉ የሚያውቀው ሰው አለው።

ልጅት፦ ጓሳስ? ሰፊ ነው፣ ባዶ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

አጎት፦ ባዶ ያለሽ ማነው? ጓሳ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ ነው፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት። አስቦና ገራ የሚባሉ የጥንት አባቶች ዘሮች ነበሩ የሚጠብቁት። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ሣር አይታጨድም፣ ከብት አይገባም። ሲከፈት ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ደርግ መሬት ሲያውጅ በ1975፣ እንዳንቺ በፈረንጅ ልቁጠረውና፣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም፤ በኋላ በራሱ ኮሚቴና በራሱ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ ድረስ ያሉት በዚህ ነው። ያ ሜዳ ሰው የሌለበት የሚመስለው ሰው ስለጠበቀው ነው።

ልጅት፦ ስለዚህ መጀመሪያ ጠባቂዎቹ ጋ።

አጎት፦ መጀመሪያ ጠባቂዎቹ ጋ። ክፈዪ፣ የሚያጅብሽን ሰው ያዢ፣ ትከዪ ያሉሽ ቦታ ላይ ትከዪ። እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ነው። ሣሩ ላይ እሳት አታንድጂ፤ አምስት ዓመት የተጠበቀ ሣር በአንድ ሌሊት ይሄዳል። አሁን ግን አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ።

ልጅት፦ ምን?

አጎት፦ ሁሉም እንዳንቺ ቤቱን በጀርባው ይዞ ከመጣ ባለ በቅሎው ምን ይበላል? የእንግዳ ጭነት እኮ ማዳበሪያ ይገዛል፣ ልጅ ያስተምራል።

ልጅት፦ ይሄን እኔም አስቤዋለሁ። ስኮትላንድ ላይ ጓዜን የሚጭንልኝ ስለሌለ ግራም መቁጠሬ የግድ ነው። እዚህ ግን በቅሎ እያለ ሁሉን ልሸከም ማለት ቁጠባ እንጂ ጉብዝና አይደለም። ምግቡን፣ ውሃውን፣ ምድጃውን በቅሎ ይጫነው። ድንኳኑንና የመኝታ ከረጢቱን ግን እኔው እይዛለሁ።

አጎት፦ ለምን? እሱም ይጫን እንጂ።

ልጅት፦ በቅሎው በሌላ መንገድ ቢመጣስ? ቢዘገይስ? ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ድንኳኔ ከኋላ ኮርቻ ላይ ከሆነ ምን ያደርግልኛል?

አጎት፦ ይሄስ እውነት ነው። እንግዳው ቀድሞ ደርሶ፣ በቅሎው ዘግይቶ፣ ሰውየው በእርጥብ ሸሚዝ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ብርዱ ያኔ ነው የሚገባው። እረኛም ገሳውን ለሌላ ሰው አያሸክምም።

ልጅት፦ እንግዲህ ፍርዱን ይስጡኝ። አዲስ አበባ ወዳጆቼ እንጦጦና ወንጪ ይወጣሉ፤ ከውጭ ድንኳን አምጪልን ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

አጎት፦ አንቺ ቀድመሽ በዪ፤ ዕቃውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ልጅት፦ እኔ ከ600 ግራም በታች ያለውን አላመጣላቸውም። ባለ ሁለት ግድግዳ፣ የውስጡ ጨርቅ የሆነ፣ የራሱ ዘንግ ያለው፣ ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን አመጣላቸዋለሁ። ዋጋውም ከዳይኒማው ይረክሳል፤ ቢቀደድም በሲሊከን ማጣበቂያና በቁራጭ ጨርቅ እዚሁ ይጠገናል። ከመውጣታቸው በፊት ግቢ ውስጥ ተክለው አንድ ሌሊት ይደሩበት፤ ባልዲ ውሃ ይድፉበት። ሲመለሱም ሳያደርቁት አይጠቅልሉት፤ ረጥቦ የተቀመጠ ሸራ ይሻግታል፣ ቅቡም ይላጣል።

አጎት፦ መልካም ብለሻል። እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። ሰው ድንኳን ሲገዛ ደህናውን ሌሊት እያሰበ ይገዛል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሻይ ሲፈላ። ለደህናው ሌሊትማ የእማማ መጋረጃም ይበቃል። የሚገዛው ለክፉው ሌሊት ነው፤ በረዶ ለሚጥልበት፣ ነፋስ ለሚያገሳበት። ስለዚህ ሚዛን ላይ ከማውጣቱ በፊት የሚተክልበትን አገር ይወቅ። አገሩን ካወቀ በኋላም የመጀመሪያዋን ካስማ ከመምታቱ በፊት የአካባቢውን ሰው ሰላም ብሎ ያስፈቅድ።